ያረጀ ፒያኖ ማሳደስ ያዋጣል?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1900 አካባቢ የተሠራ፣ ስታይንዌይ የተባለው ታዋቂ ኩባንያ ግራንድ (አግድም) ፒያኖ ብዙ ቢያስወጣም ማሳደስ ያዋጣል። የዚያው ዘመን ተራ የቁም ፒያኖ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእድሳቱን ወጪ አይመልስም።

ወሳኙ ከውጭ የማይታየው፣ አውታሮቹ የሚጠመጠሙባቸው መቃኛ ፒኖች የተተከሉበት ጣውላ ነው። ወደ 230 የሚጠጉ አውታሮች በድምሩ ከ15 ቶን በላይ ይስባሉ። ጣውላው ደርቆ ሲሰነጠቅ ፒኖቹ ይላላሉ፤ ዛሬ የተቃኘው በሳምንቱ ይወርዳል። ጥቂቶቹ ብቻ ከላሉ በወፈሩ ፒኖች መተካት ይበቃል። ጣውላው ራሱ ካለቀ ግን አውታሩ ሁሉ ወርዶ፣ የብረት ማዕቀፉ ተነሥቶ ነው የሚቀየረው፤ ሒሳቡ የሚንረው እዚህ ላይ ነው።

የአውታሮቹን ድምፅ በሚያጎላው ሰፊ ሳንቃ፣ በድምፅ ገበታው ላይ ስንጥቅ ቢታይ አያስደንግጥ፤ በቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ይሞላል። አውታሮቹ የሚያርፉበት ብርኩማ መሰንጠቅ ይብሳል፣ አውታሩ ይንጣጣል። ብል የበላው የመዶሻ ሱፍ መቀየሩ የተለመደ ሥራ ነው።

ለዓመታት ያልተቃኘውን በአንድ ጊዜ ወደ መደበኛው የቅኝት ከፍታ፣ ወደ 440 ኸርዝ መሳብ የዛገ አውታር ይበጥሳል፤ ደረጃ በደረጃ ይሁን። ቫርኒሽ ብቻ ተቀብቶ «ታድሷል» የሚባለውን ደግሞ ክዳኑን ከፍተው፣ ፒኖቹን በቃኚ ሳያስፈትሹ አይግዙ።