ፒያሳ ያለው የኮምፒውተር ኬዝ ቆራጭ፦ ለአይን አይመችም ግን ይሰራል

ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሞልቷል፣ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ የሚጭን ማለቴ ነው። የማይገጥም እቃ ይዘህ ሄደህ "ይሄን ከዚህ ጋር አግባልኝ" ስትለው ሜትር አውጥቶ የሚለካ ግን እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ነው፣ ፒያሳ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ በሩ ላይ የሞባይል ከቨር የተሰቀለበት ጠባብ ሱቅ።

የኔ ጣጣ፦ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 አለኝ፣ ቀጭኑ። ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ተቃጠለ፣ በዛ ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል ግራፊክስ ካርድ በእጄ ገብቶ ማስገባት ፈልጌ ነበር ምክንያቱም ጥምቀትና የጥር ሰርግ ሲመጣ ያለ ግራፊክስ ካርድ ሬንደር ማድረግ፣ ማለትም ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ አጠናቅቆ ማውጣት፣ ስቃይ ነው። ካርዱ ከሚሰካበት ስሎት ብቻ እስከ 75 ዋት ነው የሚወስደው፣ በኃይል በኩል ችግር የለም። ችግሩ ቁመቱ ነው፣ ኬዙ ውፍረቱ 9 ሴንቲ ገደማ ሲሆን የካርዱ የኋላ ቆርቆሮ ብቻውን 12 ሴንቲ ነው። ገበያ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ባለ 24 ፒን፣ የዴሉ ማዘርቦርድ የሚቀበለው 8፣ ፒኑ ቢስማማ እንኳ 15 በ8.6 ሴንቲ የሆነ ሳጥን እዛ ውስጥ የት ይገባል።

ልጁ መጀመሪያ ቦርዱን ሙሉ በሙሉ ፈቶ አወጣ። "ብናኝ ካረፈበት ሾርት ነው ወንድሜ" ብሎኝ ከሱቁ ውጭ ወጥቶ ነው ክዳኑን በግራይንደር የቆረጠው፣ ከዛ ጠርዙን ሞርዶ አልበቃው ሲል የመኪና በር ጎማ ሰንጥቆ ዙሪያውን አለበሰው እጅ እንዳይቆርጥ። የካርዱን ቆርቆሮ ፈታው፣ ካርዱ እንዳይወዛወዝ ከአሉሚኒየም መስኮት ቁራጭ ድጋፍ ሰርቶ በብሎን ያዘው። አሁን ካርዱ እንደ ሰጎን አንገቱን ከክዳኑ በላይ ብቅ አድርጎ ነው የሚሰራው። ፓወር ሰፕላዩ ውጭ ቀረ፣ ጎኑ ላይ ታስሮ። ገመዱን ለምን ቆርጠህ አትቀጥለውም ስለው በግምት አልቀጥልም አለ፣ 24ቱን ፒን ከ8ቱ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አስጠበቀኝ።

ይሄ ነው የወደድኩለት፣ ምን እንደሚቆረጥና ምን እንደማይነካ ያውቃል። ሌላ ቦታ ዲዲአር 3 በሚቀበለው ማሽኔ ላይ ዲዲአር 4 ራም ሞርደን እናስገባልሃለን ብለውኝ ነበር እኮ! ዲዲአር 3 240 ፒን በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር 4 288 ፒን በ1.2 ቮልት፣ ምኑን ሞርደህ ነው የምታገናኘው። ለሱ ስነግረው ሳቀና ከመደርደሪያው ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ሶኬቱ 775 የሚባለው ዓይነት የሆነ አንድ አሮጌ ቦርድ አወረደልኝ፣ ላዩ ላይ ለ771 ሶኬት የተሰራ ዚኦን የሚባል የሰርቨር ፕሮሰሰር ተቀምጧል። እዛ ላይ መቁረጥ ያስኬዳል፣ ሶኬቱ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ይነሳሉ፣ ፕሮሰሰሩ ስር ደግሞ ሁለት ፒን የሚያቀያይር ትንሽ ስቲከር ይለጠፋል፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) ካወቀው በቃ ይነሳል።

ቅሬታ አለኝ። ሐሙስ ና ካለህ ሐሙስ እንዳትሄድ፣ መጀመሪያ ደውል። ዋጋ አስቀድሞ ቁርጡን አይናገርም፣ እየሰራ ነው የሚጨምረው፣ እኔ 2,000 ብር ላይ ያዝ አድርጌዋለሁ አዳፕተሩን ሳይጨምር። ክዳኑ ክፍት ስለሆነ አቧራ እንደ ልብ ይገባል፣ ሱቅህ አዘዞ መንገድ ዳር ከሆነ በደንብ አስብበት። ማሽኑን ይዞ ከቤት ቤት መሄድም ቀርቷል።

ስትሄዱ እቃውን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ "ይገባል ወይ" ብትሉት መልስ አይሰጣችሁም፣ ላፕቶፕም አይቆርጥም። የኔን ክዳን ጥቁር ቀለም እቀባልሃለሁ ብሎ ነበር፣ አሁንም እየጠበቅኩ ነው።