ኡራንግ ወይስ ፓንሃንድልስ፦ የትኛው ተሸናፊ ይሻላል?

እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት የኦሃዮ ቡድኖች በአሜሪካ ፉትቦል ዓመቱን በሽንፈት ጨረሱ። የቡድን ባለቤት ብትሆኑ የማንን መንገድ ትመርጡ ነበር?

ወጪ፦ ኮሎምበስ ፓንሃንድልስ የባቡር ሠራተኞች ቡድን ስለነበር የባቡር ጉዞው ነጻ ነበር። የኡራንግ ኢንዲያንስ ባለቤት ዋልተር ሊንጎ ግን ውሻ አርቢ ነበር፤ ቡድኑን የመሠረተውም ውሾቹን ለማስተዋወቅ ነው። ተጫዋቾቹ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች፣ መሪያቸው የ1912ቱ የኦሎምፒክ ጀግና ጂም ቶርፕ። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ የውሻ ትርዒት! (ኳሱ ማጀቢያ ሆነ ማለት ነው።)

ውጤት፦ ኡራንግ 3 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። ፓንሃንድልስ 8ቱንም ተሸነፈ፤ አንዱን በኡራንግ 20 ለ 6።

ስጋት፦ ትርዒት ይሰለቻል። ኡራንግ በ1923 ከ11 ጨዋታ 1 ብቻ አሸንፎ ፈረሰ፤ ፓንሃንድልስ ግን ስሙን ቀይሮ ኮሎምበስ ታይገርስ ተብሎ ቀጠለ።

ዕቃ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ኡራንግን፣ ኪሱ የሳሳ ፓንሃንድልስን ይምረጥ።