«200 አምፒር» የተባለላችሁን ባትሪ ከመክፈላችሁ በፊት ሚዛን ላይ አውጡት

ወገኖቼ፣ ለጀልባ፣ ለመኪና ወይም ለቤት ሶላር ሊቲየም ባትሪ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ 48 ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ። እናንተ በነፃ እወቁት።

የምሠራው ባህር ዳር፣ ጣና ላይ ነው። ከሁለት ዘመዶቼ ጋር አንድ ጀልባ አለችን። እንግዳ ይዘን ወደ ዘጌ እንመላለሳለን። ሞተሩ የራሱ ማስነሻ ባትሪ አለው። መብራቱ፣ የገባ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ፣ ትንሿ ፍሪጅና የስልክ ቻርጁ ግን በሌላ ባትሪ ነው የሚሠሩት። ለዚህ ለዓመታት ተራ የመኪና ባትሪ ስንገዛ ኖርን። ቶሎ ቶሎ ይሞትብን ነበር። የመኪና ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ሞተር እንዲያስነሳ የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው የእርሳስ ሳህን ስስ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያላችሁ ስታወርዱት ይጎዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚሆነው ቀስ እያለ ብዙ እንዲወርድ የተሠራው፣ ዲፕ ሳይክል የሚባለው ነው።

አንድ ሱቅ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ልጁ ያስረዳኝ አብዛኛው ነገር እውነት ነበር፤ ያታለለኝም ይኸው እውነትነቱ ነው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በላይ ባይወርድ ይመረጣል አለኝ። እውነት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ግን አብዛኛውን አቅሙን ብትጠቀሙበትም ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ሞልቶ ሊወርድ ይችላል አለኝ። ጥሩ ዕቃ ከሆነ ይህም እውነት ነው። ከዚያ ባትሪውን በአንድ እጁ ብድግ አደረገና «ጋሼ፣ እዩት፣ እንደ ላባ ነው!» አለኝ። ጎኑ ላይ «12.8 ቮልት፣ 200 አምፒር» ተጽፎበታል። አምፒር ያሉት አምፒር-ሰዓት ለማለት ነው፤ ባትሪው የሚይዘው መጠን ማለት ነው። እኔም ቅለቱን ወድጄ ገዛሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው የጉዱ ቀን። ከዘጌ የተነሳነው አመሻሽ ላይ ነበር። ነፋስ ተነሳ፤ ማዕበሉ ውሃ ይረጭብን ጀመር። ፓምፑ ይሠራል። ድንገት ፓምፑም መብራቱም አንድ ላይ ድርግም አሉ። የእርሳስ ባትሪ ሊያልቅ ሲል መብራቱ እየደበዘዘ ያስጠነቅቃችኋል። ሊቲየም እንደዚያ አያደርግም። ውስጡ ቢ.ኤም.ኤስ የሚባል መቆጣጠሪያ አለ። ሴሎቹ ከልክ በላይ ሲወርዱ እንዳይበላሹ ብሎ ቀጥ አድርጎ ይዘጋል። ከእንግዶቻችን መካከል አንዲት ሕፃን ነበረች። የእህቴ ልጅ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃውን እየቀዳ ሲደፋ፣ እኔ በስልክ መብራት እየነዳሁ ገባን። ኪዳነ ምሕረት ትመስገን፣ ማንም አልተጎዳም።

በማግስቱ ባትሪውን ተሸክሜ እህል ነጋዴው ጎረቤቴ ጋ ሄድኩና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። 9 ኪሎ። «ይሄ ባዶ ነው እንዴ?» አለኝ። ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ደህና ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ባለ 100ው ብቻ ከ10 እስከ 13 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 200ው 20 ኪሎና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከእርሳስ ባትሪ ይቀላል ማለት ክብደት የለውም ማለት አይደለም። ባለ 100 የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ስለሚጠጋ ነው ይሄኛው የቀለለን። ያ ልጅ በአንድ እጁ ሲያነሳው መጠርጠር ነበረብኝ።

ሚዛን ብቻውን እንዳይበቃኝ ፈልጌ በሰዓትም ለካሁት። ሞልቼ አንድ ባለ 55 ዋት የመኪና አምፖል ሰካሁበት። እንዲህ ያለ አምፖል ከ4 አምፒር ትንሽ በለጥ ያለ ይጠጣል። እውነተኛ 200 ቢሆን ከ40 ሰዓት በላይ ያበራ ነበር። የኔው በ15 ሰዓት ጠፋ። ወደ 65 አምፒር-ሰዓት መሆኑ ነው፤ ከተጻፈው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ኋላ አንድ ኤሌክትሪሽያን ሲከፍተው ክብ ክብ ትናንሽ ሴሎች አገኘ። ክብ መሆናቸው ችግር የለውም፤ በክብ ሴል የሚሠራ ጥሩ ባትሪም አለ። እነዚህ ግን ከሌላ ዕቃ የወጡ ነበሩ፤ ሽፋናቸው ተላጦ በቴፕ ተጠቅልለዋል። የቀረው ቦታ በፎም ተሞልቷል። እናንተ ግን ራሳችሁ እንዳትከፍቱት፤ መፍቻ ሁለቱን ጫፍ ቢነካ እሳት ያስነሳል።

ወደ ሱቁ ስመለስ «ጋሼ፣ አጠቃቀም ነው ያበላሸው» አለኝ። ደረሰኙን አወጣሁ። የተጻፈበት «ባትሪ 1» ብቻ ነው! ዓይነቱ የለ፣ አምፒሩ የለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ግን በምን ላስረዳ? ስለዚህ ስትገዙ «ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ይህን ያህል ቮልት፣ ይህን ያህል አምፒር-ሰዓት፣ ዋስትናው ይህን ያህል ዓመት» ተብሎ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። አልጽፍም ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ጥሩውን ባትሪ ራሱ የሚገድሉ ነገሮችም አሉ። የድሮው የእርሳስ ቻርጀር ከ15 ቮልት በላይ የሚያወጣ የማስተካከያ ሞድ ካለው ለሊቲየም አይሆንም። የሶላር መቆጣጠሪያችሁን «ሊቲየም» በሚለው ምርጫ ላይ አድርጉት፤ ምርጫው ከሌለው 14.4 ቮልት አካባቢ ላይ ይቁም።

ቱሪስት ይዞ በመኪና የሚያድር አንድ ወዳጄ ደግሞ ሊቲየሙን በቀጥታ ከመኪናው ዲናሞ ጋር አገናኘው። ሊቲየም ሲርበው ያገኘውን ሁሉ ይስባል። ዲናሞው ግሎ ተቃጠለ። በመሃል የሚገባ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር አለ፤ የሚስበውን ይገድበዋል። ጮቄ ላይ ለሚያድር ሰው ሌላም ነገር አለ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ተጎድቶ ይቀራል። ውርጭ አድሮበት ማለዳ ሞተር ስታስነሱ በዚያው ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። የባትሪው ቢ.ኤም.ኤስ በብርድ ቻርጅ የሚያቋርጥ መሆኑን ጠይቁ። እኛ ባህር ዳር ይሄ አያሳስበንም።

አሁን ጀልባዋ ላይ ያለው ባለ 100 ነው። 12 ኪሎ ይመዝናል። በአምፖሉ ከ22 ሰዓት በላይ ቆየ። የተከፈለበት ገንዘብ ከፊተኛው ብዙም አይበልጥም። ባህር ዳር ያላችሁ የምትገዙትን መፈተን ከፈለጋችሁ ወደብ ላይ አታጡኝም። አምፖሉ እኔ ጋ አለ፤ ጎረቤቴም ሚዛኑን አይከለክላችሁም።