የታረሰ ማሳ ወይስ የባሕር ዳርቻ? አሮጌ ሳንቲም ፍለጋ በእንግሊዝ

ብረት ጠቋሚ መሣሪያውን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ወደ እንግሊዝ የሚሄድ ተጓዥ ሁለት ምርጫ አለው፤ ከብረት ጠቋሚ ተጠቃሚዎች ክበብ አባላት ጋር የታረሰ ማሳ ማሰስ ወይም የባሕር ዳርቻ አሸዋ መቆፈር።

የእኔ ልብ ያለው ከማሳው ነው። ማረሻ አፈሩን በየጊዜው ስለሚገለብጠው የሮማውያን የነሐስ ሳንቲምም፣ በመዶሻ የተመታ የመካከለኛው ዘመን የብር ሳንቲምም ወደ ላይ ይወጣል። የብሩ ሳንቲም ስስ ነው፤ ጭቃውን በአውራ ጣት ጠረግ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በጀርባው ያለው መስቀል ነው። አንዱ «አገኘሁ!» ካለ ሌላው ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሰፎክ አውራጃ፣ ሆክስን መንደር፣ የጠፋ መዶሻ ሲፈለግ ወደ 15,000 የሚጠጋ የሮማውያን ሳንቲም የተገኘው ከማሳ ነው። ጣጣው ፈቃዱ ነው። ያለ ባለመሬቱ ይሁንታ አንድ እርምጃ የለም፤ ለእንግዳ ሰው ክበብ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። ከ300 ዓመት በላይ የቆዩ ሁለትና ከዚያ በላይ የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞች አብረው ከተገኙ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የባሕር ዳርቻው ይቀላል። የሚገኘው ግን በአብዛኛው መዝናናት የመጡ ሰዎች የጣሉት የዘመኑ ሳንቲምና የቆርቆሮ ክዳን ነው። ጨው ያለበት እርጥብ አሸዋም ርካሽ መሣሪያን በከንቱ ያስጮኸዋል። (የለንደኑ የቴምዝ ወንዝ ዳርቻ በዚህ አይቆጠርም፤ የራሱ ፈቃድ አለው።) ግማሽ ቀን ብቻ ለተረፈው መንገደኛ ግን አሸዋው ይበቃዋል፤ ቢያንስ ማታ ሆቴል ደጃፍ ቆሞ ጭቃ ከጫማው ሲፍቅ አያመሽም።