ዴብሚረር፣ አፕት-ሚረር ወይስ አፕትሊ? የዴቢያን ሚረር መሣሪያዎች ሲመዘኑ

ሠላሳ ኮምፒውተር ባለበት ላብ እያንዳንዱ ማሽን ያንኑ አፕዴት ለየብቻው ከውጭ ሲያወርድ መስመሩ ይጨናነቃል። ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ፓኬጆች (የሶፍትዌር ጥቅሎች) በራስ ሰርቨር ላይ ገልብጠው ለማስቀመጥ፣ ማለትም ሚረር ለመሥራት ከወሰኑ፣ መሣሪያውን የሚመርጡት ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ በሚያደርገው ነገር ይሁን። በዚህ መለኪያ ዴብሚረርን የሚያህል የለም።

ዴብሚረር መጀመሪያ የማውጫውን (የፓኬጆቹን ዝርዝር) ዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ የዴቢያንን ቁልፍ የያዘውን ፋይል ካላሳዩት ገና ከጅምሩ ይቆማል። ከዚያ ፓኬጆቹን አውርዶ ሲጨርስ ነው አዲሱን ማውጫ በቦታው የሚተካው። አሮጌዎቹንም የሚያጠፋው ያለ ስህተት ካለቀ ብቻ ነው። መስመሩ ቢቋረጥ ተጠቃሚው ትናንት የነበረውን ሙሉ ሚረር ያገኛል። ለዚህ ግን አሮጌውና አዲሱ አብረው የሚቀመጡበት ትርፍ ቦታ ያስፈልጋል። ሶርስ ኮዱን ይተዉት፣ አርክቴክቸሩንም (የፕሮሰሰሩን ዓይነት) ኤኤምዲ64 ላይ ይወስኑት፤ ዲስክ በብዙ ይቆጥባል። ከዴቢያን 12 ወዲህ የዋይፋይና የመሳሰሉት ፈርምዌሮች (ሃርድዌሩን የሚያሠሩ ፋይሎች) ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር በሚባል ክፍል ስለተለዩ እሱን እንዳይረሱ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ዴብሚረር በሰጡት ፎልደር ውስጥ የሚረሩ አካል ያልሆነውን ሁሉ ያጠፋል። ሌላ ፋይል የሌለበት ባዶ ፎልደር ይስጡት፤ በመጀመሪያ በድራይ-ራን (ምንም ሳይቀይር በሚደረግ ሙከራ) ይሞክሩት።

የሴኩሪቲ ፓኬጆች ለብቻቸው ነው የሚገለበጡት። ማውጫቸው በሳምንት ገደማ ጊዜው ያልፍበታል፤ ሚረሩን በየጊዜው በራሱ የሚያድሰው ክሮን (የሰዓት መርሐ ግብር) ሳይታወቅ ከቆመ ማሽኖቹ «ጊዜው አልፎበታል» ብለው አፕዴቱን አይቀበሉም። ብዙዎች ይህን ፍተሻ ያጠፉታል። ይህ አደገኛ ነው፤ የሚጠገነው ክሮኑ ነው።

አፕት-ሚረር ለመጀመር ይቀላል፤ ሚረር-ሊስት የሚባለውን ፋይል እንደ ተለመደው ሶርስ-ሊስት (የፓኬጅ ማውረጃ አድራሻዎች ዝርዝር) ሞልተው ያስነሱታል። አሮጌ ፓኬጅ ግን በራሱ አያጠፋም፤ ክሊን የሚባል ስክሪፕት አዘጋጅቶ ይተውልዎታል። እሱን ካላስኬዱ ዲስኩ ይሞላል።

አፕትሊ የሚያስፈልገው የአንድን ቀን ይዞታ ስናፕሾት (የማይለወጥ ቅጂ) አንስቶ፣ በጥቂት ማሽን ፈትሾ፣ ከዚያ ለሌሎቹ ለመልቀቅ ነው። በራስዎ ቁልፍ ስለሚፈረም ቁልፉን በየማሽኑ ማስገባት ግድ ነው።

አርሲንክ በሚባለው የፋይል መገልበጫ ብቻ በአንድ ዙር መገልበጥ አይመከርም፤ ማውጫው ከፓኬጆቹ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ማሽኖቹ አሥር እንኳ የማይሞሉ ከሆነ ሙሉ ሚረር አያስፈልግም። አፕት-ካቸር-ኤንጂ (apt-cacher-ng) የሚባለውን ጭነው ማሽኖቹን በፖርት 3142 ያገናኙ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከሰርቨሩ ይወስዳል። ማንም ያላወረደው ፓኬጅ ግን ኢንተርኔት በሌለ ሰዓት አይገኝም።