ለአንድ ሴንጢ 200 ዶላር? ከዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ የምለው

ሴንጢዬ ስፓይደርኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ፓራ ሚሊተሪ 2 ነው። ከገዛሁት ከዓመት በላይ ሆኖታል። የምሠራው ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ፣ የምግብ ሸቀጥ መጋዘን ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን እከፍታለሁ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ እቆርጣለሁ፣ ፓሌት ላይ የተጠቀለለ ላስቲክ እተረትራለሁ። ኪስ ውስጥ ለጌጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም ለማለት ነው።

ሰው ዋጋውን ሲሰማ የሚለው አንድ ነው። "ለአንድ ቢላ 200 ዶላር? ምን ሆነህ ነው?" መልሴ አጭር ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት በነበረው ዋጋ ዓይኔን ሳላሽ ግዙ እል ነበር። በዛሬው ዋጋ ግን ለብዙ ሰው አያዋጣም።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። የዛሬ ዐሥር ዓመት ይህ ሞዴል 130 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። አሁን 200 ሊገባ ነው፤ ታክስ ሲጨመርበት ያልፋል። ለእውነት ከሆነ የጭማሪው ትልቁ ክፍል የመጣው ዶላሩ ራሱ አቅም ስላጣ ነው። ያኔ የነበረው 130 ዶላር በዛሬ ሲሰላ 175 ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ብረቱ ተቀይሯል፤ ድሮ ኤስ30ቪ ነበር፣ አሁን ኤስ45ቪኤን ነው። የሚሠራውም እዚሁ ኮሎራዶ፣ ጎልደን ከተማ ነው። ስለቱ ላይ "ጎልደን፣ ኮሎራዶ፣ ዩኤስኤ፣ ምድር" ተብሎ ተጽፎበታል። "ምድር" የምትለዋን ባየኋት ቁጥር ደስ ትለኛለች። እና በአሜሪካ ደሞዝ የተሠራ ዕቃ ርካሽ እንዲሆን አልጠብቅም። የበዘበዘኝ የለም። ኪሴን ግን ጎድቶታል።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ይገዛል? ከሁሉ በላይ ብረቱን።

ካርቶን የስለት ጠላት ነው። አብዛኛው ካርቶን የሚሠራው ከተፈጨ አሮጌ ካርቶን ስለሆነ ውስጡ ደቃቅ አሸዋና ቆሻሻ አለበት። ያ ነው አፉን የሚበላው። ተራ ብረት ፈረቃው ሳያልቅ ይደነዝዛል። ኤስ45ቪኤን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የቀለጠው ብረት በጋዝ ተረጭቶ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በሙቀትና በከባድ ግፊት ተጨምቆ እንደገና አንድ ብረት ይሆናል። በዚህ አሠራር ከቫናዲየምና ከካርቦን የሚፈጠሩት ጠንካራ ቅንጣቶች ደቃቅ ሆነው በእኩል ይሰራጫሉ። ካርቶኑን የሚችሉት እነሱ ናቸው።

እኔ እጅ ላይ ይህ ምን ማለት ሆነ? ሰኞ ጠዋት የሳልኩት ስለት ሐሙስ ላይ ጋዜጣ በንጹሕ አይቆርጥ ይሆናል፤ ካርቶን ግን ሳይጎትት ይከፍታል። ልዩነቱን በዓይን ማየት ለሚፈልግ መንገድ አለው። የስለቱን አፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር ያዙት። ስል የሆነው ቦታ ብርሃን አይመልስም፣ አይታይም። የደነዘዘው ቦታ ላይ ግን እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር ታበራለች። የእኔ ላይ መጀመሪያ የምትወጣው ወደ ጫፉ በሚታጠፈው በስለቱ ሆድ ላይ ነው፤ ካርቶን ስንከፍት የምንጫነው እሱን ነውና። ወደ እጀታው የተጠጋው ክፍል ሳምንት ቆይቶም ምንም አይልም።

እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ የማያወሩት ነገር አለ። ይህ ብረት ሲደነዝዝ በተራ መሳያ ድንጋይ መመለስ ሥራ ነው። ቫናዲየም ካርባይድ የሚባሉት እነዚያ ጠንካራ ቅንጣቶች የተለመደው ድንጋይ ከተሠራበት ቅንጣት ይጠነክራሉ። ድንጋዩ ዙሪያቸውን ያለውን ብረት ይሞርዳል እንጂ እነሱን በቀላሉ አይነካቸውም። የአልማዝ ብናኝ የተለጠፈበት መሳያ ያስፈልጋል፤ ጥሩው 50 ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ የ200 ዶላሩ ሴንጢ እውነተኛ ዋጋ 250 ነው። ይህን መሳያ የማይገዛ ሰው ውድ ሴንጢ ባይገዛ ይሻለዋል። መጋዘን ውስጥ ውድ ውዱን ይዘው ደንዝዞባቸው ካርቶኑን የሚቀዳድዱ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ነገር መቆለፊያው ነው። ከዚህ በፊት የነበረኝ ርካሽ ሴንጢ ወፍራም ማሰሪያ ስቆርጥ መቆለፊያው ከድቶኝ ጣቴ ላይ ታጥፏል። ከዚያ ወዲህ በመቆለፊያ አልቀልድም። የፓራ ሚሊተሪ 2 መቆለፊያ ያለው በእጀታው ጀርባ በኩል ነው። እሱን ተጭናችሁ ስታጥፉት ጣታችሁ ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ አይገባም። ስለቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳም በጓንት ሳይቀር በአንድ እጅ ይከፈታል። ሌላኛው እጅ ሣጥን ደግፎ ሲውል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ገበያው ዝም ብሎ አልቆመም። ድሮ አስተማማኝ መቆለፊያ የሚገኘው ውድ ሴንጢ ላይ ነበር። ቤንችሜድ የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ሴንጢ ሠሪ ይታወቅበት የነበረው፣ ከግራና ከቀኝ የሚሳበው ባለ ዘንግ መቆለፊያ የፓተንት ጊዜው ካለፈ ወዲህ ሌሎችም እየሠሩት ነው። አሁን ከ60 እስከ 80 ዶላር ባለው ዋጋ ቻይና የተሠሩ፣ በደንብ የተገጣጠሙ፣ ሲከፈቱ የማይንገጫገጩ ሴንጢዎች አሉ። ብዙዎቹ 14ሲ28ኤን በሚባለው የስዊድን ብረት የተሠሩ ናቸው። ከእኔው ብረት ቶሎ ይደነዝዛል። በተራ ድንጋይ ግን በደቂቃዎች ይሳላል፣ ዝገትም በቀላሉ አይደፍረውም። በቀን ሁለት ሦስት ፖስታና ጥቅል ለሚከፍት ሰው ከዚህ በላይ መክፈል ብክነት ነው፤ ይህን በሙሉ ልብ ነው የምለው። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥና መሳል የሚወድ ከሆነ ግን 200ውም ያዋጣዋል። እኔ አልተቆጨሁም።

ከ400 ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው፣ እንደ ክሪስ ሪቭ ሴቤንዛ ያሉትስ? የሥራ ባልደረባዬ ያለውን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። አሠራሩ ውብ ነው፤ አከፋፈቱ ልብ ይሰርቃል። ካርቶን ግን እጥፍ አይቆርጥም። ለውበት የሚከፍል ይክፈል፤ ለሥራ አያስፈልግም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የእኔው ሴንጢ በ20 ዶላር ዕቃ ይበለጣል። ቁርጥ ላይ። በዓል ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሴንጢ መዘዝ አድርጎ ሥጋው ላይ የሚወጣ አለ። ፓራ ሚሊተሪ 2ን ለዚህ አታውጡት። ስለቱ ጀርባው ላይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ስላለው ሥጋውን ይገፋል እንጂ ስስ አድርጎ አይወርድም። ከሁሉ የከፋው ጮማው ነው። ጮማና ሚጥሚጣ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ለማጽዳት ብሎን መፍታት ሊጠይቅ ነው። ፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 ግን ስለቱ ስስ ነው፣ የሚቆለፈውም በቀለበት ነው። ከ1890 ጀምሮ መልኩ ብዙም አልተቀየረም። ሥጋም ብርቱካንም ሽንኩርትም ላይ ከእኔው ይበልጣል። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ለመክፈት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ።

ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁበትን ሕግ እዩ። ኮሎራዶ ውስጥ ደብቆ ለመያዝ ወሰኑ 3.5 ኢንች ስለት ነው፤ የእኔው ለጥቂት ከወሰኑ በታች ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ግን ያለ በቂ ምክንያት ይዛችሁ መውጣት የምትችሉት የማይቆለፍና ከ3 ኢንች የማይበልጥ ብቻ ነው። የእኔውም ኦፒኔል ቁጥር 8ም እዚያ አያልፉም።

አገር ቤት ስጦታ ልትወስዱ ካሰባችሁ ደግሞ፣ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። ውዱን ባትወስዱም እመክራለሁ። አባቴ ቢላ የሚስለው ደጃፍ ላይ ባለው ድንጋይ ነው፤ ያ ድንጋይ ኤስ45ቪኤንን አይችለውም። አንዴ ከደነዘዘ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ለእሱ የወሰድኩለት ኦፒኔል ነው፣ ያውም የካርቦን ብረቱን፤ በዚያው ድንጋይ ምላጭ ይሆናል። ይዝጋል፣ ይህን አልደብቅም። ሎሚና ሽንኩርት ከቆረጡበት በኋላ ሳይውል ሳያድር ጠረግ አድርጎ ዘይት ማስነካት ይፈልጋል።