የቼቲናድ ዶሮ ቅመም፦ የታሸገው ወይስ የሰኞ ገበያው?

ለደቡብ ህንዱ የታሚል ናዱ ግዛት የቼቲናድ ዶሮ (በቅመም የሚሠራ ወጥ)፣ ደሴ ሱቆች ውስጥ የሚገኘው የታሸገ ማሳላ (የተፈጨ የቅመም ድብልቅ) ገንዘብ ማባከን ነው። ተፈጭቶ ስለሚከርም መዓዛው ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ ጨውም አለበት። ሰኞ ገበያ ግን ያልተፈጨውን በትንሽ በትንሹ መግዛት ይቻላል።

ለ1 ኪሎ ዶሮ 2 የሾርባ ማንኪያ ድምብላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ እንስላል ፍሬና ከሙን አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 4 ቅርንፉድ፣ 3 ሄል፣ ትንሽ ቀረፋ፣ 6 ደረቅ ዛላ በርበሬ ይበቃል። በለስላሳ እሳት 3 ደቂቃ ይታመስና ይፈጫል። ከሙኑ ቶሎ ስለሚያር መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ካረረ ሁሉንም ያመርረዋል። የተዘጋጀ በርበሬ ከተጨመረ ኮረሪማው ይጎላና ዶሮ ወጥ ሆኖ ያርፋል (መጥፎ አይደለም፣ ግን ቼቲናድ አይደለም)። ሽንኩርቱም እንደ ቁሌት በደረቁ ሳይሆን ከመጀመሪያው በዘይት ይጠበሳል፤ ሽንኩርቱ ቡናማ ከመሆኑ በፊት ቲማቲም ከገባ ጣዕሙ ጥሬ ጥሬ ይላል።

የገበያው ጉድለት የካሪ ቅጠል አለመገኘቱ ነው፤ በሶብላ አይተካውም፣ ይቅር።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮ 45 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ያንሳል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ከሰዓት በላይ ነው፤ ቅመሙ ግማሹ መጨረሻ ላይ ይጨመር።